የተሳለምኩት መጠጥ ቤት

ይህን የምጽፈው ለማኅበራችን ሰዎች ነው። ፊደል ብዙ አልቆጠርኩም፤ ግን በአፌ ያበላሸሁትን በእጄ ማቃናት አለብኝ። የልጅ ልጄ ረድኤት የጥንት ሕንፃ የሚያድሱ ሰዎች ጋ ሥራ ከገባች ወዲህ «ዴንቨር ውስጥ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን እያደሰች ነው» እያልኩ ስነግራችሁ ከርሜያለሁ። እሷ «የጥንት የእንግሊዝ ቤት» ነው ያለችኝ። ቀሪውን ልትነግረኝ ስትጀምር «ገብቶኛል» ብዬ አቋረጥኳት። ሥራው አልቆ ቅዳሜ መጥቼ እንዳይ ጠራችኝ።

ከሃቫና ስትሪት

«በመኪና ልውሰድዎት» ብላኝ ነበር፤ እግር አለኝ አልኩ። ጎረቤቴን ደምሴን ይዤ ከሰፈራችን ከሃቫና መንገድ በባስ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ባቡር ጣቢያ ደረስን። ወደዚህ አገር ስመጣ የወረድኩበት ኤርፖርት እዚያ ነበር፤ አሁን ቤት በቤት ሆኗል። ከዚያ ባቡር ያዝን። ደምሴ ነጠላዬንና ጧፌን አይቶ «ወልዴ፣ ጵጵስና ሊሰጡህ ነው እንዴ?» አለኝ። «ባዶ እጁን የመጣ ዝም ይበል» አልኩት።

ዴንቨር

ቤቱን ከሩቅ ለየሁት። ጣሪያው ሹል ነው። በነጭ ግድግዳው ላይ ጥቋቁር ወፋፍራም እንጨት ቆሞም፣ ተጋድሞም፣ ተሻግሮም ይታያል። ላይኛው ፎቅ ከታችኛው ወጣ ብሎ መንገዱ ላይ አጎንብሷል። መስኮቶቹ ትንንሽ ባለቀለም መስታወት ናቸው። ከበሩ በላይ ደግሞ ከእንጨት የተቀረጸ በግ አለ። ደምሴ ጽሑፉን ሊያነብ ቆመ።

«ምን ታነባለህ? በጉን አታይም?» አልኩት።

ጫማዬን አወለቅኩ፣ አማተብኩ፣ መቃኑን ተሳለምኩ።

በሩ ተከፈተና ቢራ የያዘ ሰው ብቅ አለ። ከኋላው ሳቅና የኳስ ጨዋታ ጩኸት ወጣ። ባዶ እግሬን አየ፣ ጧፌን አየ፣ ገለል ብሎ በሩን ያዘልኝ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

«ወልዴ፣ ጠበላቸው አረፋ አለው» አለ ደምሴ።

ረድኤት እየሮጠች መጣች፤ አለቃዋና አብረዋት የሚሠሩት ተከትለዋታል። አፌ ቀደመኝ። «ለመጠጥ ቤት ነው የተማርሽው? አዋረድሽኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። አማርኛ ባይሰሙም ቁጣ ሰሙ።

«አባባ፣ ልነግርዎት ስል መቼ አስጨረሱኝ?» አለች። እንባዋ ቀርቧል። እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ፤ ደምሴ ጫማዬን ተሸክሞ ከኋላ።

ግድግዳው ላይ ሳይለሰን የተተወ፣ መስታወት የለበሰ ቦታ አለ። በእንጨቶቹ መሃል ልምጭ ተጎንጉኖ ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጓል። ቤቱ ድሮም መጠጥ ቤት ነበር፣ በጉም ምልክቱ ነው፤ እንግሊዝ አገር እንጨቱ ተፈታትቶ፣ በመርከብ መጥቶ፣ እዚህ እንደገና የቆመ ነው አለችኝ።

«የጭቃውን ሥራ እኔ ልያዝ አልኳቸው። አያቴ እንደዚህ ያለ ቤት ጭቃውን በእግራቸው አቡክተው ሠርተዋል፣ አባቴ እዚያ ነው የተወለደው አልኳቸው። ሁሉም ያውቅዎታል፣ አባባ።»

አለቃዋ ቀርቦ እጁን ዘረጋልኝ። ጧፉን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና ጨበጥኩት፤ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። እኔ በሌለ ቤተ ክርስቲያን ስኮራባት፣ እሷ በጭቃ ቤቴ ስትኮራብኝ ከርማለች።

ወደ ቤት

ሻይ አዘዘችልን፤ ለአንዱ አራት ዶላር። ሌላ ቀን ቢሆን እጮህ ነበር። በመኪናዋ ስትመልሰን እንቢ አላልኩም። ሃቫና ስንደርስ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ሰው ሁሉ ፊት ተቆጥተው፣ መኪና ውስጥ ሶሪ?» አለች፣ መንገዱን እያየች።

እውነቷን ነው። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ሰው ሲናገር ማስጨረስን ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ። ለእናንተ የነገርኳችሁን ይኸው አርሜያለሁ፤ እሷ ግን አማርኛ ስለማታነብ ይህ ወረቀት የእሷን ክብር አይመልስም። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ወደዚያ መጠጥ ቤት እመለሳለሁ። አለቃዋንም ሌሎቹንም አስጠርቼ፣ በቆሙበት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጫማዬን አድርጌ እገባለሁ።