ብስክሌቴ ያሳፈራቸው አማቾች

አስመራ የኖርኩት አገሩ አንድ ሳለ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ። እዚያ ሽማግሌው ከረባቱን አስሮ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ በብስክሌት ይሄዳል። ለቅሶም በብስክሌት፣ ሠርግም በብስክሌት። ማንም ዞሮ አያየውም። እኔም እዚያ ለመድኩና ይኸው ነቀምት ላይ እስከ ዛሬ እነዳለሁ።

አሁን የአስመራዎቹ ልጆች በብስክሌት ውድድር ፈረንጁን ቀድመው ሲገቡ ሻይ ቤት ተሰብስበን በቴሌቪዥን እናያለን። አንድ አስተማሪ አለ፣ "ጣልያን ስላስተማራቸው ነው" ይላል። ጣልያን እዚህም ነበረ እኮ! ሌላው ደግሞ "እኛ ያልቻልነው አገራችን ዳገት ስለሆነ ነው" ይላል። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣውን ዳገት መች አየና! ነገሩ ሌላ ነው። ልጅ የሚሽቀዳደመው አባቱ በማያፍርበት ነገር ነው። እዚህ ብስክሌት የነዳ ትልቅ ሰው ወይ ደሃ ነው ወይ አብዷል። ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ "ጃርሳ፣ ፍሬን አለው ወይ?" እያሉ ይስቁብኛል። ጃርሳ ሽማግሌ ማለት ነው፤ እነሱ ግን ለክብር አይደለም የሚሉት።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። ዘንድሮ ግን አናደዱኝ።

ልጄ እዚሁ በከኒሳ ቀሴ ሠፈር ያለች ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ላክን። እንደ ደንቡ "ቤተሰቡን ጠይቀን እንመልሳለን" አሉ። ሌባ አለበት ወይ፣ ሰካራም አለበት ወይ እያሉ ሠፈሩን ሁሉ ጠየቁ። ነውር አጡ። ሲያጡ ጊዜ የእኔን ብስክሌት አገኙ! ሽማግሌዎቹ መልሱን ይዘው መጡ፤ "ልጅቱን ሰጥተዋል። ብቻ አባትየው በብስክሌት መዞሩን ይተው፣ ዘመድ ፊት ያሳፍረናል ብለዋል።"

ልጄን "አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት።

መሬት መሬት እያየ፣ "አቦ፣ ማሎ፣ እባክዎ። በባጃጅ ይሂዱ፣ ሂሳቡን እኔ እችላለሁ" አለኝ።

"ባጃጅ አንድ ጎማ ስለጨመረ ነው የሚያስከብረው?"

"ሰው ሲነዳዎት ያስከብራል።"

ይሄ ቃል አቃጠለኝ። እንግዲህ ክብር ማለት ተቀምጦ መታዘል ነው! እንዲህ እያሰብን ነው ደግሞ የብስክሌት ጋላቢ ለምን አልወጣልንም የምንለው!

ተነሣሁና በዚያው ብስክሌቴ የልጅቱ አባት ቤት ሄድኩ። ሰውዬው በር ላይ ሲያየኝ ቀኝና ግራውን ቃኘ።

"ኧረ ኦቦ፣ ቶሎ ይግቡ፤ እሱንም ወደ ጓሮ ያስገቡት" አለኝ።

"አልገባም" አልኩት። "ለልጄ ስል እስከ ሠርጉ አቆመዋለሁ። አንተ ስላፈርክ አይደለም! ከሠርጉ በኋላ ግን እዚሁ በርህ ላይ እነዳዋለሁ። የልጅ ልጃችንንም አስተምረዋለሁ።"

"ይወለድና እናያለን" አለኝ፤ ሊስቅም ዳዳው።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ብስክሌቱን ጎማውን አስተንፍሼ ከጓዳ አስገባሁት። ገበያ የምሄደው በእግሬ ነው፤ ጉልበቴ እያመመኝ። ልጄ ባጃጅ አስቁሞ ሲጠራኝ ዞሬም አላየው።