መርዶ በባዶ ሆድ

አጎቴ የሰፈራችን እድር መርዶ ነጋሪ ነበሩ። በደርግ ዘመን፣ ልጆቻችን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እየተጫኑ ሲሄዱ፣ ሀዋሳ ውስጥ ማልዶ በር በማንኳኳት እንደሳቸው የደከመ ሰው የለም።

«በባዶ ሆድ መርዶ አይሰማም» ይሉ ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ይገቡና፣ ሐዘንተኛው ትንሽ እስኪቀምስ ድረስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ ያወራሉ። ታዲያ ጠዋት መንገድ ላይ ያያቸው ሁሉ ይደነግጣል። አንዷ ጎረቤታችን «ጋሼ፣ እባክዎ በእኛ በር አይለፉ!» ስትላቸው፣ «አንቺማ ለሠርግ ብመጣም በር ትዘጊብኛለሽ!» ብለው ይስቃሉ።

ወንድሜ ግንባር ሲሞት ለእናቴ ያረዷት እሳቸው ናቸው። እህታቸው ናት። ቆጮውን ሲያጎርሷት እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ዋጪ እህቴ፣ ትንሽ ብቻ» አሏት።

እናቴ ግን እጃቸውን አይታ ገባት። ጉርሻውን ሳትውጥ ጮኸች። አስከሬን የለ፣ ቀብር የለ፤ ባዶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አለቀስን።

ጦርነቱ ሳያልቅ አንድ ማለዳ የእኔም በር ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ባለቤቴ ግንባር ነበርና የሱ መርዶ መሰለኝ። እሳቸው ካሉ እችለዋለሁ ብዬ አጎቴን ከመካከላቸው በዓይኔ ፈለግሁ።

«አጎቴስ?» አልኩ።

ሁሉም አቀረቀሩ። ስለ ዝናቡ ያወራልኝ፣ ቅመሺ ያለኝ አንድም አልነበረም። የእሳቸውን መርዶ በባዶ ሆዴ ሰማሁት።