ኮከብ ሲጋጭ ፍራሽ ያወጣሁ ጊዜ

እስቲ ስሙኝ፣ በተለይ ቡራዩ ያላችሁ። የወጣሁት ማታ ነው። እማዬ በር ላይ ቆማ "ስትደርስ ደውል" አለችኝ። የምሄደውም ለዛችው በር ነው። ቤታችን የጨረቃ ቤት ናት፣ ካርታ የላትም። "ሠርቼ ካርታ እስካስወጣላት አንቺ ጠብቂያት" አልኳትና አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ከሞያሌ ወዲያ ያለውን መንገድ አታስወሩኝ፤ የሄደበት ያውቀዋል።

አሁን ያለሁት ሳውዝ አፍሪካ ነው፣ ካሩ የሚሉት በረሃ ውስጥ። ከተማዋ ከመናገሻ ታንሳለች፣ ብርዱ ግን ሱሉልታን ያስንቃል። ፓፕ የሚሉትን ይበላሉ፤ ገንፎ ነው በቃ፣ ቅቤና በርበሬ የነፈጉት ገንፎ። አከራዬ ሚስተር ፒት ተራራው ላይ ኮከብ የሚያዩበት ቴሌስኮፕ ጋ ይሠራል። ሰርቪሱን ተከራይቼ በመስኮቱ ሱቅ ከፈትኩ። ወዲያው መጣብኝ።

"አምፖልህን አጥፋ፣ ሰማዩን እያበላሸህብን ነው።"

"እኛ አገር ሳይነግሩን ነው የሚያጠፉት። እርስዎ ቢያንስ አንኳኩተዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ!"

አልሳቀም። አጠፋሁ።

አንድ ሌሊት የፒት ስልክ ጮኸ። ፒት በፒጃማ "መጣ! መጣ!" እያለ ወደ መኪናው ሮጠ። እኔ ምን ላድርግ? እኛ ሰፈር ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ከላይኛው መንገድ ደውሎ "ዱፋ ጂሩ! መጡ!" ካለ፣ ዶዘሩ ሳይደርስ ዕቃህን ታወጣለህ። ከእንቅልፌ ብንን ብዬ ፍራሼን፣ ፍሪጁን፣ የስኳሩን ካርቶን ሁሉ ግቢው ላይ ከመርኩት።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለኝ ፒት።

"ሊያፈርሱ አይደል የመጡት?"

"ማን ነው የሚያፈርሰው? ሁለት ኮከብ ነው የተጋጨው! ና ግባ፣ ራስህ እይ!"

መንገድ ላይ ነገረኝ። የሞቱ ኮከቦች ናቸው አለ። በኔ ልክ ስገምተው፣ የአንዱ ስፋት ከቡራዩ ሰበታ ቢሆን ነው፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። ሲዟዟሩ ኖረው ይላተማሉ። ያኔ ጋማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጨረር ብልጭ ይላል፣ ሁለት ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ሳተላይት ታየውና ወዲያው ለዓለም ሁሉ ይደወላል። የሚተርፈው ብርሃን በቀናት ውስጥ እየቀላ፣ እየደከመ ስለሚጠፋ ነው ሩጫው። ብርሃኑ የተነሳው ደግሞ ሰው ሳይፈጠር ነው! ስክሪኑ ላይ አየኋት። ነጥብ ናት። ለሷ ነው ሰውዬው በፒጃማ የሮጠው።

ጠዋት እማዬን ላስቃት ደወልኩ። የፍራሹን ነገር ነገርኳት።

"እማዬ? ይሰማሻል?"

"ይሰማኛል ልጄ። ቤቱን አፈረሱት እኮ።"

"መቼ?"

"እሁድ። ቅዳሴ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬን አጥፍቼ። ኦቦ ገመቹ ሲደውል ሲደውል ነበር አሉ።"

"ዕቃውስ?"

"አልጋውም ውስጥ ነበር። ተወው፣ አንተ ግን በልተሃል?"

ፍራሼ ገና ግቢው ላይ ነበር።

እናንተ ዶዘሩን የላካችሁ፣ እናንተን ነው። ፒት የሮጠው ብርሃኑ ስለሚጠፋበት ነው። የእናቴ ቤት ቅዳሴ እስኪያልቅ የት ይሄድባችሁ ነበር?