ዋሴ እትዬ ሰዓዳ

አላመንኩም። ይኸው እየጻፍኩም አላመንኩም። እትዬ ሰዓዳ አረፉ አሉኝ።

የእህቴ ልጅ ለጸሐፊነት ሥራ ልትወዳደር ነውና ሲቪዋን እያየሁላት ነበር። "ባለ ራእይ፣ በትጋት የምታምን" ምናምን ብላ ሞልታዋለች። "ይኼን ተይና እጅሽን ጻፊ!" እያልኳት ስልኬ ጮኸ። ከደሴ ነው፤ የእትዬ ሰዓዳ ልጅ ሙና። ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። የእሳቸውን ቃል አፌ ላይ እንደያዝኩ መርዶአቸውን ሰማሁ።

ቀብሩ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። እኔ ያለሁት ሐዋሳ። እንዴት ብዬ ልድረስ? እነሳለሁ፣ መልሼ እቀመጣለሁ። ቢያንስ ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ጎረቤታሞች ነበርን። እሳቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ እኔ ትየባ ተምሬ ሥራ ያጣሁ ልጅ። ቤተሰባችን ጴንጤ ነው። ቸርቻችን ተዘግቶ አባቴ ታስሮ ነበር። እናቴና ታናናሾቼ የሚያዩት እኔን ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ የታይፒስት ቦታ ወጣ። ማመልከቻና የሕይወት ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ ተባለ። እኔ ደግሞ የሕይወት ታሪክ ሲባል የማውቀው ቸርች ቆሜ የምመሰክረውን ነው። ጌታን እንዴት እንዳገኘሁ፣ አባቴ ስለ እምነቱ እንደታሰረ፣ እግዚአብሔር እንዴት እንደያዘን... አንድም ሳላስቀር በቆንጆ ጽሕፈት ጻፍኩት! ብቻ ከማስገባቴ በፊት "እስቲ እትዬ ሰዓዳ ይዩልኝ" ብዬ ወሰድኩላቸው።

ማንበብ ጀመሩ። ቆም አሉ። ተነስተው በሩን ዘጉ።

"ኧረ አንች ልጅ! ይኼን ሌላ ሰው አይቶታል?"

"ማንም አላየውም።"

"አልሀምዱሊላህ!" ብለው ወረቀቴን ምድጃው ውስጥ ከተቱት። እንባዬ መጣ።

"አብሽሪ። ስለ ልብሽ ማን ጠየቀሽ? እሱን ጌታሽ ያውቀዋል። እነዚህ የሚፈልጉት እጅሽን ነው። እጅሽን ጻፊ!"

"እጄ ምን ያውቃል እትዬ?"

"ያን የመዝሙር ደብተር በስቴንስል ያባዛሽው በእግርሽ ነው እንዴ?"

ሳቅ አመለጠኝ። እሱ "ባለ ብዙ ገጽ ጽሑፍ በስቴንስል አዘጋጅቶ ማባዛት" ተብሎ ገባ። የቸርቹን መዝገብ መያዜ "የፋይል አያያዝ" ሆነ። የአባት ሥራ ላይ ስንደርስ ግን እጄ ቆመ።

"አናጢ አይደሉ? አናጢ በይ። የታሰረ አናጢ መላግ አይረሳም" አሉኝ።

የፈተናው ቀን ከሥራቸው ፈቃድ ጠይቀው አብረውኝ ወረዱ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ ከመንገዱ ይልቅ "አባትሽ የት ነው?" የሚለው ጥያቄ ነበር የሚያዞረኝ።

ትየባውን አለፍኩ። ከዚያ ኃላፊው ወረቀቴን ገልጦ፣ "አባትሽ የት ነው የሚሠራው?" አለኝ።

"አናጢ ነው" አልኩ።

"የት ነው ያልኩሽ።"

የቀሚሴን ጫፍ ማጠፍ ያዝኩ። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ለመሆኑ ዋስ አለሽ?" አለ።

ያኔ ዋስ የሌለው አይቀጠርም። ዋሱ ደግሞ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ እኛ የምናውቃቸው የቸርች ሰዎች ወይ ታስረዋል ወይ ከሥራ ተባረዋል።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ሰዓዳ ከበሩ ላይ።

"በደንብ ያውቋታል? ነገ አንድ ነገር ቢገኝባት እርስዎም ይጠየቃሉ።"

"አውቃታለሁ።"

ፈረሙ። ሰውየው ስለ አባቴ መልሶ ሳይጠይቀኝ ቀረ።

በመልሱ አውቶቡስ ውስጥ እጃቸውን ስይዘው ይንቀጠቀጣል። "ፈርተው ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

"ወላሂ ነፍሴ ልትወጣ! ዝም በይ አሁን፣ ሰው ይሰማል።"

ሥራውን አገኘሁ። አባቴ እስኪፈታ ቤታችን በዚያ ደመወዝ ቆመ። ግን የቢሮው በር በተንኳኳ ቁጥር "አወቁብኝ" እያልኩ ነበር የምደነግጠው። ደሴ ላይ እሳቸውም የእኔኑ ያህል ይደነግጡ እንደነበር ያወቅሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ እኮ። በእኔ የተነሳ እንጀራቸውንም ራሳቸውንም ሊያጡ ይችሉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "ምነው ባልፈረምኩ" አላሉም።

እትዬ ሰዓዳ፣ በዚያ በመጨረሻው የፍርድ ቀን አፍ ዝም ይልና እጅ ነው የሚናገረው ይሉኝ ነበር። እንግዲህ ያ የሚንቀጠቀጥ እጅዎ ኮምቦልቻ ላይ የፈረመውን ይናገር።

ቀብርዎ ላይ ባለመድረሴ ሆዴ እየተቃጠለ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። አላህ ጀነትን ይወፍቅዎ፣ እናቴ።

እዚያም ዋስ ከተጠየቁ የእኔን ስም ይስጡ። "አውቃቸዋለሁ" እላለሁ።