የእሑድ አውጫጭ

ሊማሊሞን እያቃሰተ ወጥቶ ደባርቅ የገባ ኢሱዙ ጎማውን ለጎሚስታው ያስረክባል፤ ሹፌሩ ደግሞ ብርዱን ለማባረር ፊት ለፊት ካለችው ከዘቢደር ቤት ይገባል። ጠላዋ ደህና ነው፤ አረቄዋ ከጠላዋ ይሻላል። በ2008 ዓ.ም. ግን ሰው ወደዚያ ቤት የሚጎርፈው ለጠላውም ለአረቄውም አልነበረም። እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ «ሦስተኛው ቁልፍ» የሚባል ድራማ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ዲሽ ያለው ቤት ደግሞ የእሷ ብቻ ነበር።

የድራማው ነገር እንዲህ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ባለፋብሪካ ከተቆለፈ ቢሮው ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። የቢሮው ቁልፍ ሦስት ነው። አንዱ ከሟች ኪስ፣ አንዱ ከሚስቱ ቦርሳ ተገኘ፤ ሦስተኛው የገባበት ጠፋ። እንቅልፍ የማያውቅ ኢንስፔክተር ሚስቲቱን ይይዝና ይለቃል፣ ሹፌሩን ይይዝና ይለቃል፣ የሟችን ወንድም ይይዝና ይለቃል። እሱ ሲይዝና ሲለቅ የደባርቅ ሰው ሥራ ፈታ። ገበያ ላይ ገብስ ሊሸምት የመጣ ሰው «ሚስቲቱ ናት» ብሎ ይጀምርና፣ ባለ ገብሷ «ኧረ ሹፌሩ ነው» ትለዋለች፣ ከዚያ ገብሱ ይረሳል።

ክርክሩ መላ ሲያጣ ጊዜ ታሪክ አስተማሪው የሺዋስ አንድ ጨዋታ አመጣ። «አውጫጭ እንቀመጥ» አለ። አውጫጭ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ተሰብስቦ የሚመረመርበት የቆየ ሥርዓት ነው። ያወቀ ሰው «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ለሽማግሎች ሹክ ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም፤ ጠቋሚውም ከገዳዩ ዘመዶች ጥይት ይተርፋል። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ወንድ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ይዞ ይምላል፦ «ያየሁትን ብሸሽግ፣ የሰማሁትን ባስቀር፣ ዘር አይውጣልኝ።»

የሺዋስ ይህን ለ«ሦስተኛው ቁልፍ» አዋለው። የዕለቱ ክፍል ሲያልቅ ተመልካቹ ተራ በተራ የጠላ ቤቱን መቃን ይዞ ያንኑ ቃል ይምላል፤ ከዚያም ወፏ የነገረችውን ገዳይ ይናገራል። ሳቁ ጣራ ይነቅል ነበር። ዘቢደር ጨዋታውን ከልቧ ጠልታዋለች፤ ነገር ግን በሳቁ ልክ ጠላው ስለሚያልቅ ዝም አለች። ዝም ማለት አልነበረባትም።

እሷ እውነተኛውን አውጫጭ ታውቀዋለች። በ1989፣ መሬት ይሸነሸናል ተብሎ አገር በታመሰበት ዓመት፣ ባሏ አሻግሬ ከዳባት ገበያ ሲመለስ መንደራቸው አጠገብ ካለችው ወንዝ ላይ በጥይት ተገደለ። እሷ እርጉዝ ነበረች። የደብሩ ወንዶች ሁሉ ደጃፍ ይዘው ሲምሉ ከነሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወፍ ጠበቀች። ወፍ አልመጣችም። አንድ ሰው ያውቃል፣ አንድ ሰው ሸሽጎብኛል ብላ ያንን ያላወቀችውን ሰው ስትረግም ኖረች።

በዚያ ለቅሶ ደረቱን ሲደቃ የከረመው የሟች ታላቅ ወንድም አንሙት ነው። ልጁ ሲወለድ «የወንድሜን ደም የሚመልስልኝ መጣ» ብሎ ደመላሽ ሲል ስም አወጣለት። ዘቢደር ያርጋል ብላው ነበር፤ እሷ ካልሆነች በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ግን አልተገኘም። አገሬው ልጁን ባየ ቁጥር ዓይኑን ወደ ትከሻው፣ ጠመንጃ ወደሚንጠለጠልበት ይልካል። ይህን መቋቋም ቢያቅታት ሕፃኑን አዝላ ደባርቅ ገባች። አንሙት ግን አልተዋቸውም። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ የሚጠመቅ ገብስ ይዞላት ይመጣል፤ እሑድን ውሎ ይመለሳል። ልጁን እያገላበጠ ይስምና «የአባትህ ጠመንጃ እኔ ዘንድ አለች፤ ጠላትህ የታወቀ ዕለት ትወስዳታለህ» ይለዋል። ልጁ አሁን ከጎሚስታው ቤት ተቀጥሮ ጎማ የሚፈታ ጎረምሳ ሆኗል። ዘቢደር ለራሷ ገዳዩን ማወቅ አንጀቷን ያቃጥላት ነበር። ለልጇ ግን ያ ዕለት ጭራሽ እንዳይመጣ ትለምናለች።

ድራማው ሊያልቅ አንድ እሑድ ሲቀረው ቤቱ መቆሚያ ጠፋው። የሺዋስ ከዳኝነቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ደመላሽ፣ ወፏ ምን አለችህ?» ሲል ጠየቀ።

ልጁ ጥቀርሻ በለበሰ እጁ መቃኑን ይዞ ማለና «ወንድሙ ነው» አለ። «ለቅሶው ላይ ከሚስቱ ይበልጥ ያለቀሰው ማን ነው? ለሟች ልጅ ልብስ የሚገዛው፣ ቤታቸው የሚመላለሰው ማን ነው? ሰው ዕዳ ሳይኖርበት እንዲህ አይለፋም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንሙት ብቻ ጣሳውን አስቀመጠ። «ወንድም ወንድሙን አይገድልም» አለ።

«ቃየልስ?» አለ የሺዋስ።

«የአዲስ አበባ ሰው ያደርገው እንደሁ እንጃ። እኛ አገር አይደረግም።» ይህን ብሎ ተነሣና መቃኑን ያዘ፤ ዓይኑን ሳያሽ ማለና «ሚስቲቱ ናት» ብሎ ተቀመጠ።

ከበሩ ሥር ከምትገኘው መደብ ላይ አያ እንግዳው ነበሩ። የእነ ዘቢደር የድሮ መንደር ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸውና ባለቤታቸው አልቀውባቸው ደባርቅ መጥተው የእህል መጋዘን ይጠብቃሉ። ድራማውን አንድ እሑድ አስታጉለው አያውቁም፤ መሐላው ሲጀመር ግን ከዘራቸውን አንሥተው ይወጣሉ። የዚያን ዕለት ወጣቶቹ በሩን ዘጉባቸው።

«አያ፣ ዛሬስ አያመልጡንም። ይማሉና ወፍዎን ያሰሙን» አለ የሺዋስ።

«ልቀቁኝ ልጆቼ።»

«ጨዋታ እኮ ነው አያ!»

«ለእናንተ ነው ጨዋታው» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ይችን መሐላ አንድ ጊዜ ምያታለሁ። ያኔ ሦስት ልጆች ነበሩኝ።»

ወጣቶቹ አፍረው ከበሩ ገለል አሉ፤ አያ እንግዳው ወጡ። ወዲያው አንድ ሹፌር ቀልድ ጣል አደረገና ሳቁ ተመለሰ። ዘቢደር ግን የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አንሙትን አየችው፤ ጣሳው ውስጥ አቀርቅሯል። ልጇን አየችው፤ ልጇ የሚያየው አንሙትን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እህል መጋዘኑ ሄደች። አያ እንግዳው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አያ፣ ያች መሐላ የአሻግሬ ናት?»

«የሱ ናት።» እንደሚጠየቁ ሲያውቁት የኖሩ ይመስል ነበር። «አህዮቼን ላጠጣ ወርጄ ተኩስ ሰማሁ። ከወንዙ ብቅ ያለው አንሙት ነው። ጠመንጃውን በጋቢው ጠቅልሎታል። አየኝ፣ አየሁት። 'አበልጄ' አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው። የክርስትና አባት ለጥይት ተላልፎ ይሰጣል? ደጃፍ ይዤ ካድሁለት።»

«ምን አድርጎት ነው ወንድሙን የገደለው?»

«ያችን የወንዝ ዳር ማሳ ፈልጎ ነዋ። አባታቸው ለአሻግሬ ነበር የሰጡት። ይኸው ዛሬ የሚያርሳት እሱ ነው፤ ገብሷንም ለአንቺ ያመጣልሻል።»

ዘቢደር ያን ሁሉ ዓመት የጠመቀችው፣ ልጇን ያሳደገችበት ጠላ ከባሏ ደም የበቀለ ገብስ ነው። ስትረግመው የኖረችው ሽማግሌም በየእሑዱ ከመደቧ ላይ ሲቀመጥ ከርሟል። ልታንቃቸው እጇ ተነሥቶ ነበር። የተሸበሸበ አንገታቸውን ስታይ መልሳ አወረደችው።

«የክርስትና ልጁ በዚያው ዓመት በኩፍኝ ሄደ» አሉ እሳቸው። «ሁለቱም ተከተሉት። ባለቤቴ በኀዘን ሞተች። አሁን የሚቀርብኝ የለም። ፍቀጂልኝና ዛሬውኑ ለሽማግሎች ልናገር፤ ለፖሊስም ልናገር። የምፈራለት ሰው የለኝም።»

«እርስዎ የለዎትም» አለች ዘቢደር። «እኔ ግን አለኝ። ፖሊስ ዳባት ሳይደርስ ልጄ ይደርሳል። አንድ ሞቶብኛል፤ ሌላውን ወኅኒ አልሰድም፣ በአንሙት ልጆች ጥይትም አላስበላውም። እስከ ዛሬ እንደቻሉት ይቻሉት።»

ሽማግሌው አለቀሱ፤ እሷ አላለቀሰችም። ወደ ቤቷ ስትመለስ የሸሸገባትን ሰው ስትረግም የኖረችባቸው ቃላት ሁሉ ትዝ አሏት። አንዳቸውም ቀላል አልነበሩም።

የመጨረሻው እሑድ ደረሰ። አንሙት አልመጣም፤ ውቂያ ይዞኛል ብሎ ገብሱን በሰው ላከው። አያ እንግዳውም ቀሩ። ቤቱ ጢም ብሎ ኢንስፔክተሩ ሦስተኛውን ቁልፍ ከሹፌሩ ፍራሽ ውስጥ መዝዞ አወጣ። ሹፌሩ በካቴና ታስሮ ሄደ፣ ሚስቲቱ ልጇን አቅፋ መቃብር ላይ አበባ አኖረች፣ ሙዚቃው ተሰማ፣ አለቀ። «ሹፌሩ ነው» ያሉት ጠረጴዛ ደበደቡ፤ ያላሉት ተናደዱ። የሺዋስ አውጫጩ መዘጋቱን አውጆ ሰው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እየተከራከረ ተበተነ።

ደመላሽ ግን አልወጣም። ቴሌቪዥኑን አጠፋና «ደራሲው ፈርቶ ነው» አለ።

«ማንን?» አለች ዘቢደር ከበሩ አጠገብ ጣሳ እየሰበሰበች።

«መጨረሻውን። ወንድሙ ነበር፤ ሁሉ ነገር ወደሱ ሲያመለክት ቆየ። እንዲያ ከጨረሰው ግን ያ የሟች ልጅ ምን ያደርጋል? እሱን ማሳየት ስላቃተው በሹፌሩ አሳበበ።»

ልጁ በሩን ገርበብ አደረገና ከፊቷ መጥቶ ቆመ።

«ማክሰኞ ከአያ እንግዳው ጋር አይቼሻለሁ። ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ምን ነገሩሽ?»

«ልጆቻቸው ትዝ ብለዋቸው ነው።»

«የማሉት በአባቴ ነው አይደል? ማንን ሸሽገው ነው?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እማዬ፣ የአባቴን ጠመንጃ አምጣልኝ ብዬ ለአጎቴ ልኬበታለሁ። ቅዳሜ ይዞልኝ ይመጣል። ከዚያ በፊት እውነቱን ልወቅ። እሱ ነው?»

«በጊዮርጊስ፣ ምንም አልነገሩኝም።»

«ታቦት አትጥሪ። ለእኔ ስትዪ በታቦት እንደምትዋሺ አውቃለሁ።» ዓይን ዓይኗን እያየ ቀጠለ። «ደመላሽ ይሙት ብትዪኝም አላምንሽም፤ ያ ስም ቢሞት ደስታሽ ነው። ያርጋል ይሙት በዪ። እሱን ካልሽ አምናለሁ፤ ሁለተኛም አልጠይቅሽም።»

ዘቢደር ልጇን አየችው። የጎማ ጥቀርሻ ከጥፍሩ ሥር አለ፤ ጉንጩን ብርድ ሰነጣጥቆታል፤ ዓይኖቹ ቁርጥ አባቱን ናቸው። የአያ እንግዳው ሦስት ልጆች በፊቷ ድቅን አሉ። ታላቁን ታውቀዋለች፣ እሷው ዘንድ እየመጣ ቆሎ ይለምን ነበር። ካልማለች ቅዳሜ ጠመንጃው አንሙት ላይ ይዞራል፤ ከማለች ደግሞ የምትምለው በማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ማንም «ይዘሽ ማይ» ሳይላት እጇ ሄዶ መቃኑን ያዘ።

«ያርጋል ይሙት» አለች። «አላየሁም። አልሰማሁም።»

ልጁ መቃኑን የያዘ እጇን አየ። ከዚያ ትከሻው ረገበ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ ለቀቀውና ሕፃን መሰለ።

«እንግዲያው አጎቴን በከንቱ አምቼዋለሁ» አለ። «ቅዳሜ ሲመጣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

«ጠይቀው» አለች ዘቢደር።

ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ደጅ ላይ ነፋሱ ሲመታው ሳል ያዘው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ስሎ መንገዱን ተሻገረ። የደባርቅ ብርድ ነው፤ በዚያ ወራት የማይስል ሰው የለም። ዘቢደር ግን ጣሳውን ከእጇ ጣለች፤ መቃኑን እንደያዘች ከጎሚስታው ቤት የሚመጣውን የልጇን ሳል ታዳምጥ ጀመር።