እኔ ያሰርኩት ገመድ

«ይሄን ገመድ ማን አሰረው?» አለች የጤና ጣቢያችን ነርስ ዛሬ ጠዋት፣ እባብ የነደፈውን የጎረቤቴን እግር እያየች።

ወንድሙ «እኔ ነኝ» አለ።

እግሩን በእንጨት ደግፋ የመርዝ ማርከሻ መድኃኒት ሰጠችውና ገመዱን ቀስ ብላ ፈታች።

እኔም በጃንሆይ ጊዜ ተጂ ከተማ ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። ስድስት ወር ተምሬ አገሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር።

ኦቦ ቶላ የሚባሉ ገበሬ እባብ ሲነድፋቸው እግራቸውን በገመድ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። መኪና የተገኘው በማግስቱ ነው። አዲስ አበባ እግራቸውን የቆረጠው ሐኪም «እግሩን የገደለው ገመዱ ነው» አለኝ።

ኦቦ ቶላ ግን እስኪሞቱ ድረስ በየፋሲካው በክራንች ተደግፈው ማር ይዘውልኝ ይመጡ ነበር፤ «ነፍሴን ያተረፍክ» እያሉ።

እኔም ማሩን እየተቀበልኩ፣ እግራቸውን ያሳጣቸው ያሰርኩት ገመድ መሆኑን ሳልነግራቸው ሞቱ።

እናንተስ ልርዳ ብላችሁ የጎዳችሁት ሰው አለ? በሕይወት ካለ መጀመሪያ ለእሱ ንገሩት፤ ከዚያ ለእኔ ጻፉልኝ።