ጎረቤቴ ቁራ የጠበቀችበት ቀን

ታች ቤት ያለችው ጎረቤቴ እንደኔው ባሏ የሞተባት ናት። ህንዳዊት ናት፣ ሃይማኖቷም ሂንዱ። ለንደን፣ ኬኒንግተን በሚገኘው ፍላታችን የምኖረው ከሷ በላይ ነው፤ ኩሽናዬ መስኮት ላይ ስቆም ጓሮዋ ወለል ብሎ ይታየኛል።

መስከረም ላይ ሂንዱዎች ሙታናቸውን የሚያበሉበት ሰሞን አለ። ጎረቤቴ ባሏ በሚታሰብበት ቀን እሱ ይወደው የነበረውን ምግብ ትሠራለች፤ ከቅዱስ መጽሐፋቸው ጥቂት ታነባለች፤ ከዚያ ሳህኑን የጓሮዋ አጥር ላይ አስቀምጣ ቁራ ትጠብቃለች። ቁራው ከበላ ባሏ በላ ማለት ነው።

እኔ ጴንጤ ነኝ። እኛ ዘንድ ተዝካር የለም። ባሌ ሲሞት የቤተ ክርስቲያን እህቶች "እሱ እኮ ጌታ ጋ ነው፣ አይርበውም" ብለው አጽናኑኝ። አምናለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ምሳውን ስቋጥርለት ኖሬ በድንገት ለሱ የምሠራው ነገር አጣሁ።

ዘንድሮም መስኮቱ ላይ ቆሜ እየቀናሁ አየኋት። ቁራው መጣ፣ ጣሪያ ላይ አረፈ፣ አልወረደም። ደስ አለኝ። ምን ልደብቅ፣ ደስ አለኝ።

ቀና ስትል አየችኝ።

"ነይ ውረጂ፣ ሰውዬው አኩርፏል" አለችኝ። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ወረድኩ።

"ምን አድርገሽው?"

"እሱ ከሞተ ወዲህ ከወንድሙ ጋር አልነጋገርም። ይህን ቂም ይዞብኝ ነው። በቁሙም እንዲህ ነበር፤ ራቱ ቀዝቅዞ ይቀራል እንጂ ቀድሞ አይናገርም።"

ከዚያ ወደ ጣሪያው ዞራ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አልሽው?"

"ዛሬውኑ ለወንድምህ እደውላለሁ፣ አሁን ብላ፣ አታስለምነኝ አልኩት።"

ትንሽ ቆይቶ ቁራው ወረደና ሩዙን ይለቅም ጀመር።

"አየሽው?" አለች እየሳቀች። "እስኪያሸንፍ ድረስ ነው።"

ቁራው ባሏ ነው ብዬ አላምንም። ቅናቱ ግን ብሶ ያዘኝ። የሷ ባል ዛሬም ያኮርፋታል፤ ዛሬም የሚፈልግባት ነገር አለ። የኔው ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ "ምን ላምጣልህ?" ባልኩት ቁጥር "ምንም አልፈልግም" እንዳለኝ ሄደ።

ስወጣ በወተት የተቀቀለ ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን ሰጠችኝ። ለሙታን ከቀረበው የተረፈ ነው፤ እኛ ጋ እንዲህ ያለውን መብላት ያነጋግራል። ደረጃው ላይ ልጥለው ሁሉ አስቤ ነበር። ኩሽና ገብቼ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ሄልና ዘቢብ ያለበት፣ በጣም ጣፋጭ ነበር።

ባሌ ስኳር ነበረበት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልደት ኬክ ሳይቀር ከእጁ እቀበለው ነበር፤ እሱም ሳህኑን በዓይኑ ይከተለዋል። ይህን ሩዝ ቢያይ ኖሮ ምንም አልፈልግም አይልም ነበር።

አጥር ላይ አላስቀምጥለትም፤ እምነቴ አይፈቅድም። እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና እስከ መጨረሻው በላሁለት።